ወርቅ የሌለው ደመና

የወጥ ድስት ክዳን ያነሣ ሰው ሁሉ ዝናብ ሲፈጠር አይቷል። አላስተዋለም እንጂ። እናንተም ብትሆኑ፣ «በሰለ ወይስ አልበሰለም» እያላችሁ ክዳኑን ስታነሡ፣ ከውስጥ በኩል ተንጠልጥለው ቆይተው እጃችሁ ላይ ጠብ የሚሉትን ጠብታዎች በጨርቅ ጠርጋችሁ ታልፋላችሁ እንጂ «እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችኋቸው አታውቁም። እኔ ጠይቄያለሁ። መልሱንም አውቃለሁ። እንዲያውም እንጀራዬ እሱ ነበር፤ የሳይንስ መምህር ነበርሁ።

ውኃ ሲሞቀው ይተናል፤ ተንኖ ወጥቶ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው። ማለዳ ማለዳ ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ጉንደ ወይንን የሚያለብሳት ጉም፣ በመስከረም ሣር ላይ ተኝቶ የሚያድረው ጤዛ፣ በብርድ ቀን ከበሬ አፍንጫ ቡልቅ የሚለው ትንፋሽ፣ እትዬ የሺ ጓሮ ከመቃው ጫፍ የሚንጠባጠበው አረቄ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እትዬ የሺ አከራዬ ነበሩ፤ ወደ ፊት ታገኟቸዋላችሁ።

ሳይንሱ እንግዲህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው፣ ሳይንሱ የሚነገርበት አገር ነው። እኛ ምሥራቅ ጎጃሞች የተነገረን ነገር እንደተነገረ መስማት አንችልም። ቅኔ ቤቱ በየደብሩ ነው፤ ያልተማረውም ቢሆን ከተማረው ጎረቤቱ እንደ ጉንፋን ተጋብቶበታል። አንድ ሰው «ዛሬ በሬዬ አላርስ አለኝ» ቢል ሰሚው ስለ በሬው ምንም አያዝንም፤ «አሃ፣ ሚስቱ አኩርፋለች» ብሎ ያልፋል። ሰሙን ይዞ የሚሄድ የለም፤ ሁሉም ወርቁን ይፈልጋል። በዚህ አገር ቅኔ ለመናገር ችሎታ ያስፈልጋል፤ ቅኔ ላለመናገር ግን ከዚያ የበለጠ ችሎታ ያስፈልጋል። ይህን የተማርሁት ቢቸና ላይ ነው።

ቢቸና የሄድሁት ከሞጣ ተዛውሬ ነው። ዘመኑ ሁላችንም «ጓድ» የነበርንበት ዘመን ነው፤ ሰው እንደ እንፋሎት ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ሌላው ቦታ ይወርዳል፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። እኔም ሳልጠይቅ አልጋዬንና መጻሕፍቴን ጭነት መኪና ላይ ጭኜ ያንን የጉንደ ወይን መንገድ እየነጠርሁ ቢቸና ገባሁ። ለነገሩ አልተከፋሁም። በማስተማር አልታማም ነበርና የትም ብሄድ የሚያሳፍረኝ አልነበረም። ትምህርቱ ያልገባው ተማሪ ቢኖር እንኳ ከኔ አነጋገር ማማር የተነሣ የገባው ይመስለው ነበር።

የደረስሁበት ጊዜ ሰኔ ነው። ዝናቡ ቀርቷል። ገበሬው መሬቱን አለስልሶ ዘሩን ቋጥሮ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ሕዝቡ ጠዋት ማታ ምህላ ይዟል። ይህ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አላስደሰተውም። ሊቀ መንበሩ ቀጠን ያለ፣ ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሣ ሰው ነው። አንድ ቀን አስጠራኝ።

«ጓድ መምህር፣ እሑድ በውይይት ክበብ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ለሰፊው ሕዝብ ታስረዳለህ። በሳይንስ!» አለና ጣቱን አነሣ። «ሕዝቡ ምህላ ላይ ነው። ንቃቱ ዝቅ ብሏል።»

«በደስታ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አልሁት። ልብ በሉልኝ፤ «ጓድ ሊቀ መንበር» ነው ያልሁት። ከዚያ በፊትም ስንገናኝ ያልሁት እሱኑ ነው። ሰው ሁሉ በፊቱ እንደዚያ ነበር የሚለው። ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከስብሰባ መቅረት ዋጋ ስለሚያስከፍል ያልመጣ የለም። መሪጌታ ሐዲስ እንኳ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። መሪጌታ ስመ ጥር የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ፊደል ከቆጠረው ግማሹ በእጃቸው ያለፈ ነው። ሊቀ መንበሩ ራሱ ፖለቲካው ሳይጠራው በፊት እሳቸው ዘንድ ቅኔ ይቆጥር ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ከመድረኩ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያቸዋል።

እኔም ተነሣሁ። «ትነት» ምናምን የሚሉትን የመጽሐፍ ቃላት ትቼ በሰው አፍ፣ በገበሬ ቋንቋ ለማስረዳት ቆርጬ ነበር። እንዲህ ስል ጀመርሁ፤

«ወገኖቼ፣ ውኃ ከታች ሳለ ማንም ይረግጠዋል። ፀሐይ ስትመታው ግን ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሆኖ ይሰባሰባል። ያኔ ቀና ብለን ‹ዳመነ› እንላለን። እንግዲህ ዳመነ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከታች የተነሣ እንፋሎት ማለታችን ነው! ከሰማይ የተወለደ አይደለም።»

አዳራሹ ፀጥ አለ። እንዲህ ያለ ፀጥታ የሚገኘው ጥሩ መምህር ሲያስተምር ብቻ ነው። ቀጠልሁ።

«ደመናው ከሩቅ ሲያዩት ተራራ ያህላል። ቀርበው ቢጨብጡት ግን እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለውም። ደግሞም ዳመነ ማለት ዘነበ ማለት አይደለም። ስንት ጊዜ ዳመነ ብለን ተስፋ አድርገን፣ አጉረምርሞ አጉረምርሞ ጠብ ሳይል ቀርቷል?»

ከኋላ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። አንድ ገበሬ «እውነት ነው!» አለ። ሌሎች ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አንገታቸውን ደፉ። ሳይንስ እንዲህ ሰው ያስደስታል ብዬ አላውቅም ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

መሪጌታ ሐዲስ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ላይ የወጣው፣ ላይ ይቀራል?»

«አይቀርም አባቴ! ላይ ብርድ ነው። ሲበርደው ይከብዳል፣ ሲከብድ የሚሸከመው ያጣል። ወርዶ ከመጣበት ይገባል።»

«የመውረጃው ምልክት ምንድን ነው?»

«ጥቁረቱ ነዋ! ፊቱ ሲጠቁርና ሲያጉረመርም በቃ፣ ደርሷል።»

«ይበል!» አሉ መሪጌታ።

«ይበል! ይበል!» አለ አዳራሹ በሙሉ። ቅኔ ቤት ለተዋጣለት ቅኔ የሚሰጠው ምስጋና ነው። ለሳይንስ ሲሰጥ የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በኩራት ወደ ሊቀ መንበሩ ዞር ብል ሰው ሁሉ ወደሱ እያየ ነው። ፊቱ ጠቁሯል። የሆነ ነገር እያጉረመረመም ነበር። ከዚያ ብድግ ብሎ «ስብሰባው ተዘግቷል!» አለ። ተናደድሁ። ውኃው ከወረደ በኋላ የሚሆነውን ገና አልተናገርሁም፤ የትምህርቱ ማር ደግሞ እዚያ ላይ ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ የሺ ጓሮ አረቄ ያወጣሉ። ማሰሮው እሳት ላይ ነው፤ መቃው ከማሰሮው አፍ ተነሥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ከኔ ቀድመው የገቡት እሳቱ እንዳይጠፋባቸው እየሮጡ መጥተው ነው። ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መምህር፣ አንተ የሊቀ መንበሩን ስም ታውቃለህ?»

«ጓድ ሊቀ መንበር ነዋ።»

«እና እናቱ ክርስትና ስታስነሣው ጓድ ሊቀ መንበር ብላ ነው ያስነሣችው?»

«ታዲያ ማን ነው ስሙ?»

«ዳመነ!»

እዚያው የማገዶው ክምር ላይ ተቀመጥሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ሰው ስም ያወጣው መልአክ ግን እኔን ለማስበላት ያወጣው መሰለኝ። የተናገርሁትን አንድ በአንድ ሳስታውሰው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዞሮ ያየኝ ጀመር። ከታች የተነሣ እንፋሎት! እትዬ የሺ እንደነገሩኝ ሰውየው የተወለደው ሱሓ ወንዝ መውረጃ ላይ ካለው ታች ሰፈር ነው። አጉረምርሞ አጉረምርሞ ጠብ ሳይል! ለቀበሌው ወፍጮ አስመጣለሁ ብሎ ቃል ከገባ ስንት ዘመኑ ነው፤ ወፍጮው አልመጣም። ሲከብድ የሚሸከመው ያጣል! ይህንስ ተዉት።

«ኧረ እኔ ስለ ዝናብ ነው የተናገርሁት!»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ማን ያምንሃል? ዝም አይነቅዝም ነበር መምህር» አሉና እሳቱን ቀነሱ።

ፈራሁ። እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ወኅኒ ይላካል፤ ወደዚያ የተላከ ደግሞ እንደ ውኃ ዞሮ ወደ ቦታው ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ሞጣ እናት አለችኝ፤ እኔ የምልክላትን ከመጠበቅ በቀር ሌላ የላትም። ሌሊቱን ሙሉ ስለሷ ሳስብ አደርሁ።

ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱኝ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ኮሚቴው በግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። መሪጌታ ሐዲስም ተጠርተው ኖሮ አግዳሚ ወንበር ላይ አሉ። «ይበል» በማለታቸው ነው።

«ጓድ መምህር፣ በትናንቱ ንግግርህ ውስጥ ወርቅ አለ» አለ ሊቀ መንበሩ።

«የለም ጓድ ሊቀ መንበር። ሳይንስ ነው። ይፈቀድልኝና በዓይናችሁ ላሳያችሁ።»

ተፈቀደልኝ። የጥበቃዎቹን ማንቆርቆሪያ ቡታ ጋዝ ላይ ጥጄ አፈላሁና ከእንፋሎቱ በላይ ቀዝቃዛ የብረት ሳህን ያዝሁ። እንፋሎቱ ወጣ፤ ሳህኑን ነካ፤ ላብ ላብ አለው፤ ከዚያ ጠብ ማለት ጀመረ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ሙከራ ሠርቼ አላውቅም።

«ወረደ» አለ አንዱ ጥበቃ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት።

ከኮሚቴው አንዱ ሳሉን መግታት ተሳነው። ሊቀ መንበሩ ጠብታዎቹን እያየ «ይህ ደግሞ ምን ለማለት ነው?» አለ። ሳህኑን ባነሣው «ገለጠው» ሊሉ ነው፣ ብተወው መንጠባጠቡ አይቆምም። እጄ እየተቃጠለ ይዤው ቆምሁ።

በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ወደ መሪጌታ ዞረ። «ጓድ መሪጌታ፣ ይበል ያሉት ለምንድን ነው?»

«ዝናብ ይምጣ ለማለት ነዋ። በሰኔ ዝናብ የማይሻ ማን አለ?»

«በንግግሩ ውስጥ ወርቅ አልነበረበትም?»

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬም ደክሟል። ወርቁን የሰማኸው አንተ ነህ። የሰማ ይንገረን። ምን ይላል ወርቁ?»

ሊቀ መንበሩ ጣቱን አነሣ። «እንዲህ ነው የሚለው። ዳመነ፣ ማለትም እኔ… ከታች…» አለና ቆመ። ኮሚቴው ሁሉ እሱን ያያል። ከታች የተነሣ እንፋሎት ነኝ ብሎ በገዛ አፉ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዴት ይበል? ጣቱ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ማንቆርቆሪያው ብቻ ይንተከተካል። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘንሁለት፤ እኔም እንደሱ መውጫው ጠፍቶብኝ አድሬ ነበርና።

ጣቱን አወረደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ። «ጓድ መሪጌታ» ቀረች።

የኔታም ፈረዱ። «ልጄ፣ እኔ ዘንድ በነበርህ ጊዜ ያስተማርሁህን አትርሳ። ቅኔ ቤት ይመታል፤ ይህ ቤት አይመታም። ቅኔ ይመጠናል፤ ይህ ሰው ማቆሚያ የለውም። እንኳን ረጅሙ መወድስ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም አይሆን። ሰሙ ራሱ የሳሳ ነው። ይህ መምህር ወርቅ መሥራት ቀርቶ ወርቅ ቢሰጡት አያውቀውም። የዋህ ነው። ወደ ልጆቹ ይመለስ።»

ነጻ ወጣሁ። እንግዲህ ታዘቡኝ፤ አንገቴ ከገመድ የተረፈ ሰው ሆኜ ሳለ ተናደድሁ። የሳሳ? የኔ ትምህርት? «አባቴ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም…» ብዬ አፌን ስከፍት መሪጌታ በጭራቸው ጫፍ ጎኔን ወጋ አደረጉኝ። ዘጋሁት። በሕይወቴ ሳልከራከር የተቀበልሁት ስድብ ያ ብቻ ነው።

ሊቀ መንበሩ «ሂድ፤ ከእንግዲህ ግን ደመና በል እንጂ ዳመነ አትበል» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። መሪጌታን ደግፌ ከደጁ ስንደርስ በዓባይ በኩል ሰማዩ ጥቁር ብሏል። ገበያ ስትሄድ የነበረች አንዲት ሴት ቅርጫቷን መሬት ላይ ጥላ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፤

«ኧረ ዳመነ! ዳመነ!»

«አቤት!» አለ ሊቀ መንበሩ ከውስጥ።

ማንም አልሳቀም። እንዴት እንዳልሳቅን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሱ በሩ ላይ ወጣ፤ ሴትዮዋን አየ፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ኮፍያው ላይ አረፈች። ያን ቀን ቢቸና ላይ የወረደውን ዝናብ ምህላው አመጣው ወይስ ሳይንሱ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ የፈለግሁት መሪጌታን ብቻቸውን ማግኘት ነበር። ከአንድ ቤት ክዳን ሥር ተጠልለን ሳለ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ እውነት ወርቅ አልነበረበትም?»

ጢማቸውን አበሱ። «ላንተ አልነበረበትም። ሰሙን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ወርቁን እኛ ከቤታችን ይዘን ነው የመጣነው።»

ብዙም ሳይቆይ ተመልሼ ሞጣ ተዛወርሁ። ያው እንደ ውኃ። ቢቸና እኔን የተካውን መምህር አንድ ነገር ብቻ መከርሁት፤ ከማስተማርህ በፊት የሰው ስም ጠይቅ አልሁት።

ከዚያ ጓድ ዳመነ በግምገማ ከወንበሩ ተነሣ ሲባል ሰማሁ። ቢቸና ሰሞኑን ሁሉ «ዘነበ፣ ዘነበ» ሲል ሰነበተ አሉ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ሞጣ ገበያ ውስጥ ስዘዋወር ከኋላዬ «መምህር!» አለኝ አንድ ሰው። ዞር ብል እሱ ነው። ካኪው የለም፤ ጋቢ ለብሶ፣ በባዶ ከረጢት ዘር ሊገዛ መጥቷል። ጉንደ ወይን አጠገብ ከሚስቱ ዘመዶች መሬት አግኝቶ ያርሳል። እጁ ሻክሯል። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ ስለ አየሩ መናገር ፈራሁ። ሌላ የጨዋታ መጀመሪያ ደግሞ አላውቅም።

«ያን ቀን የተቆጣሁት ስለ ስሜ ይመስልሃል?» አለኝ ድንገት።

«ታዲያ ስለ ምን ነበር?»

«መውረዱን ነገርኸን። ከወረደ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አልነገርኸንም። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ነበር።»

ስብሰባውን የዘጋኸው አንተ ነህ ልለው ይገባኝ ነበር። ይልቅስ ጥላ ያለበት ድንጋይ ፈልገን ተቀመጥንና ትምህርቴን ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

«የወረደው አይጠፋም። ገሚሱ በጎርፍ ይሄዳል። ገሚሱን መሬት ይጠጣዋል፤ መሬት የጠጣው ዘር ያበቅላል። የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርግና ሲቆይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ላይ ሳለ ማንንም አላጠጣም። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከወረደ በኋላ ነው።»

ይህን ስናገር በልቤ ከሳይንስ በቀር ምንም አልነበረም፤ እምላለሁ። መሪጌታ ሐዲስ ቢሰሙኝም ቤት አይመታም ማለታቸው አይቀርም ነበር። እሱ ግን ባዶ ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ እያጠፈ እየዘረጋ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንደ ቅኔ ቤት ልጅ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ለራሱ ያህል ብቻ፣

«ይበል» አለ።